ለቬኔሪያ የቆመው ድንጋይ

ድንጋዩ እንዲህ ይላል፦ «ለቬኔሪያ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ኖረች። ተራራው በነደደ ቀን ከኑሜሪዩስ እጅ ላይ ነጠቃት። እሱ አለቀቃትም።» ድንጋዩ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ ከፑቴዮሊ ወደ ኩሜ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሌሎች መቃብሮች መካከል ቆሟል። ከሥሩ አጥንት የለም።

ኩሜ ውስጥ ሱፍ ቀለም በመንከር የምትተዳደር አንዲት ሴት ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «ማንም ከማንም እጅ አልነጠቀኝም። እዚሁ ጠብቂኝ ብሎኝ ወጣ፤ በሩን ከውጭ ቆለፈው፤ አልተመለሰም።» ይህን የምትናገረው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ያውም የሰውየውን ስም ሳትጠራ።

ድንጋዩን መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል፤ ሴትየዋን የሚሰማት የለም። እናም ዐሥር ዓመት ሙሉ ድንጋዩ ታምኖ ኖረ።

ኑሜሪዩስን ፑቴዮሊ ውስጥ የማያከብረው አልነበረም። ተራራው በእሳትና በአመድ ከቀበራት ከፖምፔይ ከተማ ተርፈው የመጡት ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ በየዓመቱ የሙታን ቀናት ሲደርሱ በአንድነት ወጥተው የጠፉባቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ ያስባሉ። ሽበታም ሽማግሌዎች ሞልተው ሳሉ፣ ገና ሠላሳ አንድ ዓመት የሆነውን ኑሜሪዩስን ስም ጠሪ አድርገው መርጠውታል። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። ለአባቱ ባሪያ፣ ያውም ሬሳዋ ላልተገኘ፣ እብነ በረድ ያቆመ ሰው ማን አለ? እናቶች ለሴት ልጆቻቸው «እንደ ኑሜሪዩስ ያለውን ይስጥሽ» እያሉ ይመርቃሉ። ይህ ምርቃት መንገድ ላይ ጆሮው ጥልቅ ባለ ቀን፣ ኑሜሪዩስ በትሕትና ሰላም ብሎ ያልፍና ቤቱ ገብቶ ምሳ ሳይበላ ይውላል።

ደብዳቤው የመጣው የዘንድሮው የሙታን ቀናት ሊገቡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነበር። ኑሜሪዩስ እንደ አባቱ ቆብ ሠሪ ነው። ሱፉ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ ተነክሮ ገንዳ ውስጥ ይረገጣል፤ ተረግጦ ተረግጦ እርስ በርሱ ሲያያዝ ባሪያ ነጻ በወጣ ቀን የሚደፋው ቆብ ይሠራበታል።

«ጌታው፣ ደብዳቤ መጥቶልሃል» አለ ሞደስቱስ፣ ከገንዳው ውስጥ እግሩን ሳያወጣ። ሞደስቱስ የቤቱ ነባር ሠራተኛ ነው፤ እግሩና ምላሱ እኩል አያርፉም። «የኩሜው በቅሎ ነጂ ነው ያመጣው። ሴት ናት የሰጠችኝ አለ። መልኳስ ብለው፣ 'እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁም' አለኝ።»

«እግርህን ተመልከት።»

«እግሬ ሥራውን ያውቃል። አንተ ነህ እንጂ! ለሙት ታማኝ ነኝ እያልክ ከሰማያዊ ሴት ጋር መጻጻፍ ከጀመርክ፣ አክስትህ እትዬ ስታቲያ ሁለታችንንም እዚሁ ገንዳ ውስጥ ነው የምትቀቅለን።»

ኑሜሪዩስ ፈገግ እንዳለ የሰም ሰሌዳውን ከፈተ። የመጀመሪያዋን መስመር ሲያነብ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ቬኔሪያ ለኑሜሪዩስ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ሱፍ ላደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፑቴዮሊ ስመጣ መንገድ ዳር ስሜን አየሁት። ፊደል ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ማንበብ ቻልኩ፤ ባያስተምሩኝ ይሻል ነበር። ድንጋዩ ያማረ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር በስሜ ኖሮኝ አያውቅም። ነገር ግን ውሸት ነው። ጌታዬ አባትዎ በሕይወት ካሉ፣ አሁንም የእርሳቸው ንብረት መሆኔን አውቃለሁ፤ ሰው ልከው ሊያስይዙኝ ይችላሉ። ቢሆንም በመጨረሻው የሙታን ቀን ጠዋት፣ ማኅበርተኛው ሳይመጣ፣ ከድንጋዩ ዘንድ እገኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቄዎት እመለሳለሁ።»

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ አልነበረም። ይህን ለራሱ ይቅር ሊለው ፈጽሞ አልቻለም። መጀመሪያ የተሰማው «ተያዝኩ» የሚል ነበር። ደስታው ከዚያ በኋላ መጣ፤ እንደ ባለቤቱ ዘግይቶ።

ፖምፔይ ሳሉ በሰው ፊት «እርስዎ» ትለው ነበር። ከሱፍ ማከማቻው ኋላ ግን፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ፊደል ሲጽፍላትና እሷም ስሙን አጣማ ስትገለብጥ፣ «አንተ» ነበረች የምትለው። ከገንዳው በሚወጣው እንፋሎት መካከል ዐይኖቻቸው ሲገጣጠሙ ሠራተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አባቱም ያውቁ ነበር። «ባሪያዬን አታገባም። እኔ ስሞት ያሻህን ታደርጋለህ» ብለውታል። ያን ጊዜ የጎዳው የአባቱ ቃል ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰም ላይ የተጫረው «እርስዎ» ጎዳው። እንዲህ ተብሎ መጠራት እንደሚገባው ግን ያውቅ ነበር።

ሳምንቱ አለቀ፤ የሙታን ቀናትም ገብተው ሊያልቁ ደረሱ። በመጨረሻው የሙታን ቀን ዋዜማ አክስቱ እትዬ ስታቲያ የአበባ ጉንጉን እየጎነጎነች፣ በወይን የሚነከረውን ዳቦ በቅርጫት ስታሰናዳ አገኛት። እትዬ ስታቲያ ከጥፋቱ በፊት ጀምሮ የፑቴዮሊ ሰው ናት፤ ወንድሟንና ልጁን አመድ ለብሰው ሲመጡ የተቀበለቻቸው እሷ ናት።

«እትዬ፣ ድንጋዩን ባስነሳው ምን ትያለሽ?»

«ምን ነካህ አንተ?» ጉንጉኑ ከእጇ ወደቀ። «ከፖምፔይ ምን ይዛችሁ ወጣችሁ? ቤት የለ፣ ሱቅ የለ። የቀራችሁ ስም ነው፤ ስማችሁ ደግሞ ያ ድንጋይ ነው። በዚህ ከተማ መጤ ተብሎ የማይሰደብ አንተ ብቻ ነህ።»

«እውነት ባይሆንስ?»

ቀና ብላ አየችው። «አባትህ ሊሞት ሲል፣ 'ኑሜሪዩስ ስለዚያች ልጅ እንዳይናገር አድርጊ፤ ያመዋል' ብሎኛል» አለች ቀስ ብላ። «ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አንተም አትንገረኝ።»

ኑሜሪዩስ ጉንጉኑን ከመሬት አንስቶ ሰጣት። ዝም ማለት ይችልበት ነበር፤ ዐሥር ዓመት ተለማምዶታል።

በማግስቱ ጠዋት ከባሕሩ የመጣው ጭጋግ ገና አልተገፈፈም ነበር። ቬኔሪያ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ቆማ አገኛት። ሻሽዋ ሥር ያለው ፊት የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ፊት ነው፤ ዐይኖቹ ግን ያው ናቸው። 

«ወፍረዋል» አለችው።

«ሱፍ መርገጥ ትቼ ማዘዝ ከጀመርኩ ወዲህ ነው።»

ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን ዋጠችው። «አባትዎስ?»

«ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያው አሁን የእርስዎ ነኝ ማለት ነው።»

«ቬኔሪያ...»

«በሕጉ ማለቴ ነው።» እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች፤ በቅሎ ነጂው እንዳለው እስከ ክርኗ ሰማያዊ ናቸው። «የመጣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው። ያን ቀን በሩን እንዲቆልፉት ያዘዙዎት አባትዎ ናቸው?»

ኑሜሪዩስ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ቀደመችው።

«አዎ ካሉኝ አምናለሁ» አለች በጥድፊያ። «ዐሥር ዓመት ሳምን የኖርኩት ይህንኑ ነው። ባሪያዋ እንዳታመልጥ ቆልፍ አሉት፣ ልጅ ነውና እምቢ ማለት አቃተው፣ አባቱን በበቅሎ ካሻገረ በኋላ ሊመለስ ሲል መንገዱ ተዘጋበት። እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት። አዎ ይበሉኝና ልሂድ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። ሙት አይመሰክርም፤ «አዎ» ቢል የሚያስተባብለው የለም። እሷም ይህን «አዎ» ፈልጋ ከኩሜ ድረስ በእግሯ መጥታለች። ኑሜሪዩስ ሊለውም ቃጣ። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላዘዙኝም» አለ።

«እ?»

«አባቴ ምንም አላሉም። እግራቸውን ተጎድተው በቅሎዋ ላይ ሆነው ሲያቃስቱ ነበር። ከዓመታት በፊት ከደረሰው ከመጀመሪያው ትልቅ የመሬት መናወጥ ወዲህ ሌባ እንደበዛ፣ እኛ ቤት መጨረሻ የሚወጣው ሰው ሳይቆልፍ እንደማይሄድ ታውቂያለሽ። መሬት በተንቀጠቀጠች ቁጥር ቆልፈን ነው የምንወጣው። የድንጋይ ቅስት ያለው ያ ክፍል ያኔም ስላልፈረሰ፣ አባቴን አውጥቼ እስክመለስ ለአንቺ ደህናው ቦታ እሱ ነው ብዬ አስቀመጥኩሽ። ስወጣ እጄ ቆለፈው። ሳላስብ ነው። እጄ ብቻ።»

«ሳያውቁት።» ድምፅዋ ላይ ተስፋ ነበረ፤ ያ ተስፋ ነው ይበልጥ ያሳፈረው። «ታዲያ መቼ አወቁ?»

ኑሜሪዩስ ዐይኑን ወደ ድንጋዩ መለሰ።

«ኑሜሪዩስ፣ መቼ ነው ያወቅኸው?»

ከተገናኙ ወዲህ «አንተ» ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ከፖምፔይ በር ውጪ፣ የከተማው መቃብሮች ዘንድ። አባቴን በቅሎዋ ላይ ደግፌ ስሄድ ቁልፉ ጎኔን ወጋኝ።»

«መንገዱ ተዘግቶ ነበር?»

«አልተዘጋም።»

«የሚመለስ ሰው ነበር?»

«ነበረ። አንዲት አሮጊት ዶሮዎቿን ልታወጣ ስትመለስ አልፋኛለች።»

«ለዶሮ!»

«ለዶሮ።»

ቬኔሪያ ሻሽዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ ያፈናት ይመስል። «እንግዲያው ረሳኸኝ» አለች። አነጋገሯ የሚከስ ሰው ዓይነት አልነበረም፤ የሚለምን ሰው እንጂ። «በድንጋጤ ረሳኸኝ፤ አይደል?»

«አልረሳሁሽም። አስታውሼሽ ነው ያልተመለስኩት። ሰማዩን አየሁ፣ ጠጠሩ ሲወርድ አየሁ፣ ፈራሁ። አባቴ 'ሂድ፣ እኔ እዚህ እቆያለሁ' ብለውኝ ነበር። አባቴን ብቻቸውን አልተውም ብዬ በእሳቸው አመካኘሁ። እሳቸውም እስኪሞቱ ድረስ በዚህ አፍረውብኛል።»



«ስምህን ስጠራ ነበር» አለች ቬኔሪያ። «ድምፄ እስኪዘጋ። ከዚያ በመስኮቱ ጠጠር ይገባ ጀመር። ክፍሉን እየሞላ፣ እየሞላ ሲመጣ የሚቀብረኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ኋላ ግን ክምሩ መስኮቱ ሥር ደረሰ፤ በላዩ ወጥቼ በመስኮቱ ሾለክሁ። ራሴ ላይ ትራስ አስሬ፣ ሰው ወደሚሄድበት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስሮጥ የማስበው ምን እንደነበር ታውቃለህ? ሲመለስ ቢያጣኝ ይደነግጣል እያልኩ ነበር!»

ኑሜሪዩስ ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ለምን አልዋሸኸኝም?» ጮኸች። «ዐሥር ዓመት ለከተማው ሁሉ ዋሽተህ ለእኔ ለአንዷ መዋሸት አቃተህ? ይቅር ልልህ እኮ ነበር የመጣሁት!»

ከመንገዱ በኩል የሰው ድምፅ ተሰማ። ማኅበርተኛው አበባና ቅርጫት ይዞ ብቅ እያለ ነበር።

«ዛሬውኑ በሰው ፊት ነጻ ነሽ እላለሁ» አለ ኑሜሪዩስ በችኮላ።

«አንድ ጊዜ ቃልህን አምኜ ተቀምጬ ነበር።» ሻሽዋን መልሳ እስከ ቅንድቧ ድረስ ሳበችው። «በሕይወት መኖሬን ለማንም እንዳትናገር። የማምነውን ሰው ሳገኝ እኔው እናገራለሁ።» ይህን ብላ ከመጡት ሴቶች መሐል ገብታ ቆመች። ኑሜሪዩስም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ከእሷ ዐይን በስተቀር የሚያየው ነገር አልነበረም።

ሥርዓቱ ተጀመረ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወይን የተነከረ ዳቦና ጨው የነካው እህል አኖረ። ከዚያ ኑሜሪዩስ ስሞቹን መጥራት ያዘ፤ ሕዝቡም እያንዳንዱን ስም እየተቀበለ ሦስት ሦስት ጊዜ ይደግማል። በማኅበሩ ልማድ የቬኔሪያ ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚጠራው፤ ያኔ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ዘንድሮም ሻሾቻቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር።

ስሙ ግን አልመጣም።

«ቀጥል እንጂ፣ ልጄ» አለች እትዬ ስታቲያ።

«የሚቀጥለውን ስም አልጠራም» አለ ኑሜሪዩስ። «ይህ ድንጋይ ይዋሻል። ከእጄ ማንም አልነጠቃትም። በሩን ቆልፌባት የወጣሁት እኔ ነኝ። ቁልፉ እኔ ዘንድ እንዳለ ገና በመንገድ ላይ አውቄያለሁ፤ መመለስ እችል ነበር፤ ፈርቼ ቀረሁ። ያከበራችሁኝ በውሸት ነው።»

«ጤና የለውም» አለች እትዬ ስታቲያ ወደ ሰዉ ዞራ። «ሳምንቱን ሙሉ አልበላም። ተዉት።»

አንድ ሽማግሌ በምርኩዙ እየተደገፈ ወደ ፊት መጣ፤ ሁለት ሴት ልጆቹ ፖምፔይ ቀርተዋል። «እና ልጅቷ ከቁልፍህ ኋላ ነደደች?» አለ። «አንተ ምሳ ስትበላ? እኛ ስንመርቅህ?»

አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «በሕይወት አለች» ቢል ከነውሩ ግማሹ ይወርድለታል፤ ያ ሽማግሌም እንዲያ አያየውም። ቃሉ ግን የእሱ አልነበረም። የኑሜሪዩስ ዐይን ወደ ሴቶቹ ሊዞር ሲል ወደ መሬት መለሰው።

«በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ» ብቻ አለ።

ሽማግሌው እግሩ ሥር ምራቁን ተፋ። አንዲት እናት የሴት ልጇን እጅ ይዛ ወደ ኋላ ሳበቻት፤ ባለፈው ዓመት እንደ እሱ ያለውን ይስጥሽ ብላ የመረቀቻትን ልጅ። ማንም አልጮኸም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። ዐሥር ዓመት ሲፈራው የኖረው ይህ ዝምታ ነው፤ አሁን መሐሉ ቆሞ ሲያየው ግን መሸሻ መፈለጉን ያቆመ መሰለው።

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ወጣች። ሻሽዋን አወረደች።

«አልነደድኩም» አለች። «ቬኔሪያ ነኝ።»

አንዳንዱ ወደ ኋላ ሸሸ። «የሙታን ቀን ነው እኮ! መንፈስ ናት!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«መንፈስ ከሆነች እጇን ማን ነከረላት?» አለ ሞደስቱስ። ከዚያ የገባው ይመስል አፉን ያዘ። «አይ አንተ! የኩሜዋ ሰማያዊ ሴት!»

አንዳንዶች ሳቁ፤ ሳቃቸው ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ኑሜሪዩስ ግን አልሳቀም፣ አላለቀሰም። አየት አድርጎ አናገራት፤ በዝግታ፣ ሌላው ሰው የማይሰማ ይመስል።

«ለምን ወጣሽ?»

«በሕይወት መኖሬን ስላልተናገርክ ነው» አለችው። «ልትናገር ትችል ነበር።»

ያን ጊዜ ኑሜሪዩስ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ጌታ የሆነ ሰው በወዳጆቹ ፊት «ነጻ ናት» ካለ ቃሉ እንደሚጸና ያውቃል። «ክፉ ብሆንም ወዳጆቼ ነበራችሁ፤ ምስክር ሁኑኝ» አለ። «ይህች ሴት ከአባቴ በውርስ የኔ ናት ትባል ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ናት። አገልግሎት አልጠይቃትም፣ ጋብቻም አልጠይቃትም። ድንጋዩን ዛሬ አስነሣዋለሁ። ነገም ከማዕዱ እቀራለሁ።»

የማግስቱ ቀን የሕያዋን ማዕድ የሚቀርብበት ነው፤ ሙታኑን ያሰቡ ዘመዳሞች በማግስቱ ተሰብስበው የቀሩትን እርስ በርስ እየተያዩ ይበላሉ። የማኅበሩ ሥርዓት ጥብቅ ነው፦ ወገኑን የበደለ ሰው፣ የተበደለው ካልፈቀደለት በቀር፣ እዚያ ማዕድ ላይ አይቀመጥም።

እትዬ ስታቲያ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ወደ ቬኔሪያ ተራመደች። በወንድሟ ቤት ባሪያ የነበረችውን ሴት ቀና ብላ አየቻት።

«ልጄ» አለች፤ ይህን ቃል አውጥታ ለመናገር ምን ያህል እንደከበዳት ሁሉም አየ። «ድንጋዩን ያጠብኩት በየዓመቱ እኔ ነኝ። አላወቅሁም። ማወቅም አልፈለግሁም። ከእንግዲህ ቃሉ ያንቺ ነው።»

 ኑሜሪዩስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ አልለመነም፣ ሊለምን የሚገባው ሰው እንዳልሆነ ያውቃል። ሳያስበው ግን ቀና አለ። ቬኔሪያ እያየችው ነበር። ዕንባዋ አልደረቀም፤ ቁጣዋም አልበረደም። ዐይኗን ግን አልነቀለችም፤ ያ የእንፋሎቱ ዘመን እንዳለፈ፣ አሁን ግን ሁለቱም በሕይወት እንዳሉ የምትነግረው መሰለው።

ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ነገ አይቀመጥም። ይህን አንድ ዓመት ከማዕድ ውጪ ሆኖ ይክረም፤ እኔም ኩሜ ሆኜ ቁጣዬን አስታምማለሁ። በሚመጣው ዓመት ግን ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ልቀቁ፤ ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»